ለበሬ 3 ዓመት፣ ለትራክተር 15 ዓመት

ኦሮሚያ ክልል በ1999 ዓ.ም. ባወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር አለ። ገበሬ ከይዞታው እስከ ግማሹን ማከራየት ይችላል ይል ነበር። ለስንት ጊዜ? ተከራዩ በባህላዊ መንገድ የሚያርስ ከሆነ ከ3 ዓመት ላይበልጥ። በዘመናዊ ዘዴ የሚያርስ ከሆነ ግን እስከ 15 ዓመት።

መሬቱ ያው ነው። አከራዩም ያው ነው። ልዩነቱ ተከራዩ ላይ ነው፤ አንዱ በሬ ጠምዶ ይመጣል፣ ሌላው ትራክተር አስነስቶ።

ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ክፉ አስበው ነው አልልም። ትራክተር የገዛ ሰው ያወጣውን ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ይሄ ያስማማል። በበሬ የሚያርሰውስ? እርከን ለመሥራት፣ ፍግ ለመበተን፣ የደከመውን ማሳ ለማሳረፍ ጊዜ አያስፈልገውም? በሦስተኛው ዓመት እንደሚለቅ የሚያውቅ ሰው በሰው ማሳ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን አይክብም። አፈሩን አሟጦ ይወጣል እንጂ።

ስለ ትንሹ ገበሬና ስለ ሰፋፊ እርሻ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንጨቃጨቀው በስፋት ነው። አንዱ «በጥማድ መሬት አገር አይለማም» ይላል። ሌላው «ባለሀብቱ መሬታችንን ወረረው» ይላል። እኔ ግን ሄክታሩን ትቼ ወረቀቱን ማየት እመርጣለሁ። ማን ምን ዓይነት ወረቀት ያዘ? ለስንት ዓመት? ወረቀቱ ባንክ በር ላይ ሲደርስ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አይሸጥም፣ አይለወጥም። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ሦስት ሰዎች በተራ ይመጣሉ። ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። አርብቶ አደሩም ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆነውን መሬት በነጻ ያገኛል፣ አይፈናቀልም። ባለሀብቱ ግን ይከፍላል። ላዩን ለሚያነብ ሰው ገበሬው ከሁሉም የበለጠ የተጠበቀ ይመስላል። በነጻ ነዋ!

ወደ ዝርዝሩ ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 መሬት የተከራየ ባለሀብት የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ እንደሚችል ጽፏል። ለገበሬው እንዲህ የሚል መስመር አልነበረም። ገበሬው ያገኘው አረንጓዴውን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ደብተሩን ማቃለሌ አይደለም። የባልና የሚስት ስም አብሮ የተጻፈበት፣ በብዙ ቦታም ፎቷቸው የተለጠፈበት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የባሏ ወንድሞች ድንበር ሲገፉ «ይኸው» ብላ የምታወጣው ነገር አገኘች። ይሄ ቀላል ለውጥ አይደለም። ባንክ ይዛው ብትሄድ ግን ያው ደብተር ነበር።

ወረቀት ያለውና የሌለው ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት ከአርሲ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ስዊድኖች ከንጉሡ መንግሥት ጋር ሆነው ጭላሎ አውራጃ ውስጥ ትልቅ የግብርና ልማት ሥራ ጀመሩ። በአጭሩ ካዱ ይባል ነበር። መቀመጫው አሰላ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ፣ ጭሰኛውንም ጨምሮ፣ ማገዝ ነው። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ ምክር። ሥራው ያዘ። ስንዴው አማረ።

መዘዙ የመጣው ስለተሳካ ነው። እስከዚያ ድረስ ባለመሬቱ ከጭሰኛው የድርሻውን እየተቀበለ ከተማ ይቀመጥ ነበር። መሬት ይህን ያህል ስንዴ የሚያወጣ ከሆነ ግን ለምን ያካፍላል? ትራክተር ገዛ፤ ወይም ትራክተር ላለው ሰው አከራየ። ጭሰኛውን «ልቀቅ» አለው። ለጭሰኛው ተብሎ የመጣው ስንዴ ጭሰኛውን ከነቤተሰቡ ነቀለው። ጭሰኛው ተከራክሮ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም፤ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የቃል ነበርና። ዛሬም «ቴክኖሎጂ ይግባ እንጂ ሁሉም ይስተካከላል» የሚል ሰው ስሰማ አሰላ ትዝ ትለኛለች። ቴክኖሎጂው ገብቶ ነበር እኮ።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። ተማሪዎች ከ10 ዓመት በፊት «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡበት ጥያቄ አዋጅ ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም ተባለ። ባለመሬቱ ሄደ። ሰፋፊው እርሻ ግን አልሄደም፤ ባለቤት ብቻ ቀየረ። የመንግሥት እርሻ ተባለና ቀጠለ። በደርግ ዘመን እነዚህ እርሻዎች ከሚታረሰው የአገሪቱ መሬት ጥቂት በመቶውን ብቻ ይዘው ከማዳበሪያው፣ ከምርጥ ዘሩና ከእርሻ ብድሩ የአንበሳውን ድርሻ ይወስዱ ነበር። አገሩን የሚቀልበው ግን ያኔም ባለ ሁለት በሬው ነበር።

አፋር ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አዋሽ ሸለቆን ከላይ ወደ ታች ብትወርዱ የሰፋፊ እርሻን ታሪክ ታያላችሁ። ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። ቀጥሎ መተሐራ። ታች ተንዳሆ ላይ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ጥጥ ተከለ። ሸለቆውን የሚያስተዳድር ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በካርታ ላይ የተወሰደው መሬት ከአፋር ምድር ስፋት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። «ሰፊ በረሃ አላቸው፣ ምን ጎደለባቸው?» ማለት ቀላል ነበር።

ግን የአርብቶ አደር መሬት እንደ ገበሬ ማሳ አይለካም። ከብቱ ዝናብ ሲኖር ሜዳው ላይ ይበተናል። በጋው ሲጠና ሁሉም ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳል። ያች የወንዝ ዳር ሣር ጥቂት ወር ብቻ የምታገለግል ናት፤ ግን ያለሷ የዓመቱ ቀሪ ወራት ዋጋ የላቸውም። ጥጡ የተተከለው እሷው ላይ ነው። የ1965 እና የ1966 ድርቅ ሲመጣ አፋሩ የሚሸሽበት ቦታ ታጥሮ አገኘው። ከብቱ አለቀ፣ ሰውም አለቀ። የድርቁ ታሪክ ሲነሳ ሁላችንም ወሎን እናስታውሳለን። አጥሩን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ጋምቤላ ላይ የደረሰው ከዚህ ሁሉ ትምህርት በኋላ መሆኑ ነው የሚገርመኝ።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ እህል በዓለም ገበያ ተወደደ። ሩዝና ስንዴ ከውጭ ገዝተው የሚበሉ አገሮች ደነገጡ፤ የባሕረ ሰላጤ አገሮች በተለይ። ገንዘብ ያለው ሁሉ አፍሪካ ውስጥ መሬት ፍለጋ ወጣ። ማዳጋስካር ላይ የኮሪያው ዴዉ ኩባንያ 1.3 ሚሊዮን ሄክታር ሊከራይ ነው ተብሎ ሲሰማ አገሩ ተናወጠ። ፕሬዚዳንት ራቫሎማናና በ2001 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነበር። የተካቸውም ሰው መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ውሉን መሰረዝ ነው።

እኛ ጋ መንግሥት ከ3 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ለባለሀብት አዘጋጃለሁ አለ። ከሁሉም ስሙ የገነነው የሕንዱ ካሩቱሪ ነው። አበባ ነጋዴ ነበር፤ ጽጌረዳ። ጋምቤላ ላይ 100,000 ሄክታር ተሰጠው፣ ለ50 ዓመት። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር። በጊዜው ምንዛሪ ከ2 ዶላር በታች ማለት ነው። አበባ በግሪን ሃውስ ውስጥ የሚያበቅል ሰው ስንት ሄክታር ይይዛል? ከዚያ ተነስቶ ወደ 100,000 መዝለል የልብ ነው።

መሬቱ «ባዶ» ነበር ተባለ። ይቺ ቃል ብዙ ጥፋት ሠርታለች። የአካባቢው ነዋሪ አኙዋ አንዱን ማሳ ጥቂት ዓመት አርሶ ያሳርፈዋል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ጫካው ማርና አደን ነው። ወንዙ ዓሣ ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ በመኪና ለሚያልፍ ሰው ያረፈ ማሳና ባዶ መሬት አንድ ናቸው። በዚያው ሰሞን መንግሥት በክልሉ ሰውን በመንደር የማሰባሰብ ሥራ ጀምሮ ነበር። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ሁለቱን አያያዙ፤ መንግሥት አይገናኙም አለ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ አኙዋው «የኔ ነው» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። ደብተሩ ቀድሞ የተሰጠው ደጋ ላይ ነው።

ከዚያ ባሮ ሞላ። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጎርፉ የካሩቱሪን በቆሎ ጠራርጎ ወሰደው። ኩባንያው ያልጠበቀው ነገር ነበር። ባሮ ግን በየክረምቱ ይሞላል። አኙዋው ይህን ስለሚያውቅ ነው በወንዙ ዳር ውሃው ሲሸሽ ጠብቆ የሚዘራው። መሬታቸውን «ባዶ» ካልናቸው ሰዎች አንዱን ጠርቶ አንድ ጀበና ቡና ጋብዞ ቢጠይቅ ኖሮ ስንት ሚሊዮን ዶላር ይተርፍ ነበር። ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ውሉን ሰረዘ። ምክንያቱ በተባለው ጊዜ የለማው ከተሰጠው እጅግ ትንሹ ነው የሚል ነው።

ከካሩቱሪ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእሱ ጀርባ የነበሩት ናቸው። በጋምቤላ መሬት የወሰዱ በመቶ የሚቆጠሩ የአገር ውስጥ ባለሀብቶች ነበሩ። ብዙዎቹ በውላቸው ከልማት ባንክ ተበደሩ። በኋላ ሲጣራ የአንዱ መሬት በሌላው ላይ ተደርቦ የተሰጠበት ብዙ ቦታ ተገኘ። አንድ ማሳ፣ ሁለት ካርታ። የለማው ከተሰጠው ጥቂቱ ሆነ፤ ብድሩም ብዙው ተበላሸ። አስቡት፤ ገና ያልተመነጠረ ጫካ የያዘ ወረቀት ባንክ ዘንድ ሠራ። ለ30 ዓመት የታረሰ የጎጃም ማሳ የያዘ ደብተር አልሠራም።

አሁን ደግሞ ትንሹን ገበሬ ብቻ እያሞገስኩ እንዳይመስል። ደጋ ላይ ያለው እውነት ቀላል አይደለም። አብዛኛው ገበሬ የያዘው ከ1 ሄክታር በታች ነው። አባት 4 ልጅ ካለው ለማን ያካፍለው? ብዙ ወጣት አባቱን እየጠበቀ ሸመገለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሬት አይሸጥም ይባል እንጂ ከእጅ እጅ ይሄዳል። ምርቱን ለመካፈል በእኩል ይታረሳል፣ በኮንትራት ይያዛል፣ ወለድ አግድ ይሆናል። ደግሞም የሚያከራየው ሁልጊዜ ባለጸጋው አይደለም። በሬ የሌላት እማወራ፣ ጉልበት ያነሳቸው ሽማግሌ መሬታቸውን በእኩል ይሰጣሉ። ተቀባዩ በሬም ጎልማሳ ልጅም ያለው ጎረቤት ነው። በአንዲት ቀበሌ ውስጥም ትልቅና ትንሽ አለ።

መተማና ሁመራ ሂዱ ደግሞ። የሰሊጥ እርሻው ሰፊ ነው፤ ባለቤቱ ባለሀብት ነው። አረሙን የሚነቅለው፣ ሰሊጡን የሚያጭደው ማን ነው? ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ደጋ የወረደ ገበሬ ነው፤ ወይም የገበሬ ልጅ። እዚያ ሳሉግ ይሉታል። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም፤ ካለፈበት ከራሱ ፍንጥቅ ብሎ መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በዚያች አጭር ጊዜ ሳሉግ ይፈለጋል፣ ሒሳቡም ከፍ ይላል። ከዚያ ወባውን ወይም ካላዛሩን ይዞ ወደ ግማሽ ሄክታሩ ይመለሳል። በዚያች ገንዘብ ማዳበሪያ ይገዛል። «ትንሹ ገበሬ» እና «የትልቁ እርሻ የቀን ሠራተኛ» ያው አንድ ሰው ነው፣ ወሩ ነው የሚለያየው።

ኩባንያ መሬት ሳይወስድ የሚሠራበት መንገድም አለ። የቢራ ገብስን እዩ። ቢራ ፋብሪካዎች ሲበዙ ብቅል ተፈለገ። አሰላ የቆየው የብቅል ፋብሪካ አለ፤ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አዳዲስ ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች መጡ። ማንም ገብስ ለመዝራት 10,000 ሄክታር አልጠየቀም። የአርሲና የባሌ ገበሬ ዘሩን ወሰደ፣ ዘራ፣ ሸጠ። መሬቱም አልተነካ። ኮምባይነር ካስፈለገ በኪራይ ይመጣል፤ አርሲና ባሌ ገበሬው በኩንታል እየከፈለ ካሳጨደ ስንት ዓመቱ! «ትንሽ ማሳ ለማሽን አይመችም» የሚለውን ክርክር እዚያ ሄዶ ማንሳት ያሳፍራል። አሁን ኩታ ገጠም የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ድንበሩ ይቆያል፣ ዘሩና ጊዜው አንድ ይሆናል።

ጣጣው ያለው ዋጋው ላይ ነው። ውሉ በሰኔ ይፈረማል፣ ገበያው በታኅሣሥ ይወደዳል። ነጋዴው መኪናውን አውድማ ድረስ ይዞ ይመጣል። ገበሬው ለነጋዴው ይሸጣል፣ ኩባንያው «ከዳኸኝ» ይላል። ሲረክስ ደግሞ ኩባንያው የጥራት ሰበብ ያበዛል፣ ገበሬው «ከዳኸኝ» ይላል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ይህን ለመዳኘት የመጣ ነው። ወንጂ ላይ ደግሞ መሬታቸውን አገናኝተው ለፋብሪካው አገዳ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ደብተሩ የነሱ ነው። ግን አገዳ አንዴ ከተተከለ ለዓመታት ይቆያል፤ ዘንድሮ ሽንኩርት ተወደደ ተብሎ አይነቀልም። የራስህ መሬት ላይ ምን እንደምትዘራ ካልወሰንክ መሬቱ ምንህ ነው? መልሱን አላውቀውም፤ ጥያቄው ግን ወንጂ ላይ ቀልድ አይደለም።

መሬት ለባለሀብት ሲፈለግ ገበሬው የሚነሳበት ሒሳብም ይነገር። በ1997ቱ የካሳ አዋጅ ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይሰጠው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ወደ 15 ከፍ አለ፤ ስሌቱም ካለፉት 3 ዓመታት በተሻለው ዓመት ላይ ሆነ። ይሻላል። ግን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ገበሬው በ10 ወይም በ15 ዓመት ተሰልቶ ይወጣል፤ ባለሀብቱ ለ50 ዓመት ፈርሞ ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ቁጥር 1324። ገበሬውም በመጨረሻ የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር እንዲችል ፈቀደ። በፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ለ19 ዓመት ለባለሀብቱ ብቻ የነበረው በር ለሱም ተከፈተ ማለት ነው። ደስ ይላል። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ዝናብ የቀረ ዓመት ይመጣል። ብድሩ አይመለስም። አበዳሪው መሬቱን መሸጥ አይችልም፤ መሬት አይሸጥማ። የሚይዘው የመጠቀም መብቱን ነው፣ ለተወሰነ ጊዜ። ይሄ ደግሞ የገጠር ሰው አሳምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። ወለድ አግድ ነው! ድሮ ብር የሚያበድረው ጎረቤት ነበር፤ መሬቱን እያረሰ ገንዘቡ እስኪመለስለት ይጠብቃል። አሁን ጎረቤቱ ባንክ ሆነ።

ባንክ ደግሞ አያርስም። ለሚያርስ ሰው ማስተላለፍ አለበት። ብድሩን ቶሎ የሚመልስለት ማን ነው? በሬ ያለው ነው ትራክተር ያለው? መሬቱን ከባንኩ የያዘው ሰው በእኩል የሚያርስለት ቢፈልግ፣ ከዚያ ማሳ አጠገብ ቤቱ ያለ፣ አፈሩን የሚያውቅ፣ ሥራ የፈታ አንድ ሰው አያጣም። ባለ ደብተሩ ራሱ ነው። ደብተሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ስሙም የሚስቱም ስም አለበት።